ወይዘሮ አላሜሉና ያለሰለስኩት እጥፋት

ይህች ዓለም የቆመችው ቤታቸውን ቆልፈው ከወጡ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው መቆለፉን በሚያረጋግጡ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። እኛ የቀረነው ደግሞ እነሱ ሲመለሱ በር ላይ ቆመን ሰዓታችንን እያየን የምንነጫነጭ ነን። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየዘመድ አዝማዱ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ጋዙን ዘግቶ ሦስቴ ይነካዋል። ሻጩ የመዘነለትን ቲማቲም ቤቱ ወስዶ ዳግም ይመዝናል። ስማችሁን ብትነግሩት እንኳ መታወቂያችሁን ካላየ ቅር ይለዋል። ሁላችሁም አንድ አንድ እንደምታውቁ አልጠራጠርም፤ የእኛዋ ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ አላሜሉ ይባላሉ። እኛ «አካ» እንላቸዋለን፤ ታላቅ እህት እንደማለት ነው። የምንሠራው ቼናይ ከተማ ውስጥ፣ ከልብ ሆስፒታሉ ጀርባ ባለ አሮጌ ሕንፃ ነው። ልባቸው ጎድሎ የተወለዱ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ደማቸው በየትኛው ሥር ምን ያህል እንደሚሄድ በኮምፒውተር እናሰላለን። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር «ኢንያን የደም ቧንቧ ሠራተኛ ነው» ትላለች፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁም።

አካ ኮይምባቶር ከተማ በአንድ የውኃ ፓምፕ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ንድፍ ሲያነሡ ኖረው፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ እኛ የመጡ ናቸው። የሹመት ደብዳቤያቸው «ረዳት ባለሙያ» ይላል። እኛ ግን የድጋሚ ልኬት ሊቀ ጠበብት፣ የጥርጣሬ ባላባት ብለን ሾመናቸዋል። ሹመቱን ስንነግራቸው «በስንት ድምፅ?» ብለው ጠየቁ።

ሥራቸው መሣሪያው የሚያነሣውን የልጆቹን ደረት ምስል መሳል ነው። ምስሉ እንደ ተቆራረጠ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ይመጣል። እሳቸው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የደም ሥሩን ጠርዝ ያሰምራሉ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ቁራጮቹን ገጣጥሞ የሥሩን ቅርጽ ይሠራል፤ በቅርጹ ውስጥ ደሙን የማፈስሰው እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ የራሱ መለኪያ አለው። አካ ግን ከፋብሪካው ይዘውት የመጡትን የብረት ማስመሪያ የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ ለጥፈው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደገና ይለካሉ።

ሥራ በጀመርኩ ቀን አንድ ሥር አሥራ አራት ሚሊ ሜትር መሆኑን በኩራት ነገርኳቸው።

«ማን አየው?» አሉኝ።

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተር ዓይን የለውም። ያጎረስከውን ነው የሚያኝከው።»

ይህች «ማን አየው?» ያልገባችበት የለም። ልብስ ሰፊያቸው ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። የባጃጅ ሾፌር «መንገዱ ተዘግቷል» ካላቸው መዘጋቱን ሄደው ካላዩ ሌላ መንገድ አይሄዱም፤ ሁለት ሾፌሮች በዚህ ምክንያት ዝናብ ውስጥ ቆመው ቀርተዋል። የወንድማቸው ልጅ ሲዳር ደግሞ፣ ካህኑ መልካሙ ሰዓት ደርሷል፣ ሙሽራው የጋብቻውን ክር በሙሽሪት አንገት ላይ ይሰር ባሉበት ቅጽበት፣ አራት መቶ እንግዳ ሩዝና አበባ በእጁ ይዞ ሊበትን ሲል፣ አካ ከፊተኛው ረድፍ ተነሡ።

«በየትኛው ሰዓት ነው የደረሰው?»

ካህኑ የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩ።

«አራት ደቂቃ ይቀድማል» አሉ አካ።

«ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ሠላሳ ዓመት አጋብቼበታለሁ።»

«የተፋቱትንስ ቆጥረዋቸዋል?»

ሙሽራው ክሩን እንደያዘ አራት ደቂቃ ቆመ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ስለዚህ አካ ፊት ይህን ወሬ አላወራውም።

እንዲህ ስንስቅ ስንሳለቅ ኢላኪያ መጣች።

ኢላኪያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ ኤካምባራም ካንቺፑራም የሚኖር የሐር ሸማኔ ነው። ስትወለድ ልቧ ሁለት መግፊያ ክፍል ሊኖረው ሲገባ አንድ ብቻ ነበረው። ያ አንዱ ደሙን ወደ መላ አካል ይገፋል፤ ወደ ሳንባ የሚገፋላት ግን የለም። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ሐኪሞች ከሰውነት የሚመለሰውን ደም በልብ ሳያሳልፉ በቀጥታ ከሳንባ ሥሮች ጋር ያገናኙታል። ከታች የሚመጣው ደም፣ ከጉበት የሚነሣው ጭምር፣ በአንድ ሰው ሠራሽ ቱቦ ያልፋል። ገፊ የለውምና መንገዱ ጥቂት ከተዛነፈ ወደ አንዱ ሳንባ ያጋድላል። በጉበት ደም ውስጥ ደግሞ ሳንባ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ በውል የሚያውቅ እስካሁን የለም። እሱን ያጣ ሳንባ ሥሮቹ ይበላሻሉ፤ ደሙም አየር ሳይዝ አልፎ ይሄዳል።

ኢላኪያ በአራት ዓመቷ ይህ ሁሉ ተሠርቶላት ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ ግን የግራ ሳንባዋ የጉበት ደም አጥቶ ከንፈሯና ጥፍሯ ጠቁሯል። ሌላው ልጅ በደሙ ውስጥ ከመቶ ዘጠና ስምንት አየር ሲኖረው የእሷ ሰባ አራት ነው። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ሄዳ ትቀመጣለች። ትምህርት ቤት አባቷ በጀርባው አዝሎ ያደርሳታል፤ ጓደኞቿ «ሕፃን» እያሉ ስለሚስቁባትም ከበሩ ርቆ ያወርዳትና ቀሪውን በዝግታ ትሄዳለች።

ዶክተር ጉሩናታን ደረቷን እንደገና ሊከፍት ወስኗል። እጁ እንደሱ የተባረከ ቀዶ ሐኪም የለንም፤ ትዕግሥቱን ግን እግዜር ሲያድል ወረፋ ያልያዘ ሰው ነው። ከእኛ የሚፈልገው አንድ መልስ ነበር፦ ቱቦውን ነቅሎ የት ቢሰፋው ነው የጉበቱ ደም ወደ ግራ የሚሄደው? ቀጠሮው ሰኞ ነው። ሪፖርቱን ዓርብ ጠዋት ይጠብቃል።

የቼናይ የኅዳር ዝናብ መንገዱን በሞላበት በዚያ ሳምንት ስሌቱ እምቢ አለኝ። ጀምሮ ይሄዳል፣ ወደ ግራ ሳንባ የሚወስደው ሥር ጋ ሲደርስ ይፈርሳል። እዚያ ቦታ ላይ ሥሩ ስል እጥፋት ነበረው፤ ደሙ እዚያ ሲደርስ ቁጥሮቹ ያብዳሉ። በእኛ ሙያ ለዚህ መድኃኒት አለ፣ የማለስለሻው ቁልፍ። ቁራጭ በቁራጭ የተገጣጠመ ቅርጽ ጠርዙ እንደ ደረጃ ስለሚሻክር ሁላችንም ትንሽ እናለሰልሳለን። አንድ ጊዜ ተጫንኩ፤ ፈረሰ። ሁለተኛ ተጫንኩ፤ ፈረሰ። ሦስተኛ ስጫን እጥፋቱ ጠፋና ስሌቱ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። ቱቦውን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ብናዛውረው ከጉበት ደም ውስጥ ከመቶ ስልሳ አንዱ ወደ ግራ ሳንባ ይሄዳል አለኝ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ነበር።

ሪፖርት ያለ ሁለት ፊርማ አይወጣም። አንዱ ያሰላው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ቅርጹን የሳለው። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ወደ አካ ሄድኩ። ሩዝ በእርጎ የበሉበትን ሳህን እያጠቡ ነበር።

«አካ፣ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።»

እጃቸውን አደረቁ፣ ተቀመጡ፣ ማስመሪያቸውን አወጡ።

«ይህ ሥር እዚህ ጋ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው ይላል።»

«ነው።»

«ማን አየው?»

«ራስዎ ነዎት የሳሉት።»

«እኔ የሳልኩት አራት ነው።»

«ጠርዙ ይሻክር ስለነበር ትንሽ አለስልሼዋለሁ። ሁሉም ሰው ያለሰልሳል።»

«ሻካራና እጥፋት አንድ ነው?»

«ምስሉ ደብዛዛ ነው፤ ጥላ ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል። ጥላ መሆኑን አሳየኝና እፈርማለሁ።»

«ሰኞ ቀዶ ሕክምና ነው አካ። ልጅቷ እኛ ጥላ ስንቆጥር ትጠብቅ?»

ምስሉን ቀረብ ብለው አዩ። ከዚያ ረጋ ብለው «ፋብሪካ ሳለሁ አንድ መሐንዲስ ነበር» አሉ። «ያልተስማማውን መስመር በላጲስ ያጠፋዋል። ፓምፑ ወረቀት ላይ ያምራል። ገበሬው ማሳ ላይ ግን ውኃ የለም።»

«ይህ የውኃ ፓምፕ አይደለም» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዞር አሉ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማልፈርመው።»

ቀሪውን ከሰዓት ምስሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ሲለኩ፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥኩ። በልቤ ያልሰደብኳቸው ስድብ የለም። ሦስት ጊዜ መጫኔን ግን ለራሴም አልነገርኩትም።

ዓርብ ጠዋት ዶክተር ጉሩናታን ሳይቀመጥ ሪፖርቱን ገለጠ። «ሁለተኛው ፊርማ የት አለ?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ወደ አካ ዞረ።

«አካ፣ አባትየው ሽመናውን ጥሎ መጥቶ ሦስት ሳምንቱ ነው። ልጅቷ እየደከመች ነው። ምንድን ነው የቸገረዎት?»

እኔን እስኪጠቁሙ ጠበቅሁ። እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን እጠቁም ነበር፤ ትናንት በሰው ፊት ጮኼባቸዋለሁና።

«ወደ ግራ በሚወስደው ሥር ላይ እጥፋት አለ» አሉ አካ። «ቅርጹን ስናለሰልስ አጥፍተነዋል።»

«ማነው ያጠፋው?»

«እኛ።»

«በእርግጥ እጥፋት ነው?»

«በእርግጥ አላውቅም። ስድስት ቁራጭ ላይ አየሁት። ጥላ ቢሆን ከልቧ ምት ጋር በጠበበና በሰፋ ነበር፤ ይህ ልቧ ሲመታም ሲያርፍም ያው ነው።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ካለስ? ያንተ ስልሳ አንድ ምን ይሆናል?»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ያኔ ገባኝ። «ያለሰለስኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሦስት ጊዜ። እጥፋቱ ካለ፣ ቱቦውን ያስቀመጥነው ከእጥፋቱ ወዲህ ነው። ደሙ አልፎ ይሂድ አይሂድ አላሰላሁትም።»

ዶክተር ጉሩናታን ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ረቡዕ» አለ። «ከረቡዕ አላሳልፋትም። ለአባትየው እናንተው ንገሩት።»

ኤካምባራም ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ነበር፤ ኢላኪያ ጭኑ ላይ ተኝታለች። እኔ ስለ ስሌትና ስለ ጥራት ብዙ አወራሁ። እሱ ጨርሶ ከሰማኝ በኋላ «ስህተት ተገኘ ማለት ነው?» አለ።

አካ «አዎ፣ ተገኘ» አሉት።

የልጅቷን ፀጉር ዳሰሰ። «እኔ ሸማኔ ነኝ። ክር ሲዛነፍብኝ ወደኋላ ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ነው የማይፈታው። ገና አልተቆረጠም አይደል?»

«አልተቆረጠም» አሉት።

«እንግዲያው እንጠብቃለን።»

እጥፋቱን ወደ ቦታው መለስኩት። ስሌቱ እዚያ ላይ እንዳይፈርስ ቅርጹን በጥቃቅን ዓይን የሚከፋፍለውን፣ ደሙ የሚሰላበትን መረብ አጥብቄ፣ ዓይኑን አጥብቤ ሠራሁት፤ ለመጨረስ ሠላሳ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሐሙስ ዕለት ይህን ማድረግ እችል ነበር። ቸኩዬ ነው እንጂ የማላውቀው ነገር አልነበረም። አካ እሑድ ቤታቸው አልዋሉም፤ ከኋላዬ ወንበር ስበው፣ ሩዛቸውን ለሁለት ከፍለው ተቀመጡ። ውጤቱ ሲወጣ ዘጠኝ ነበር። ከመቶ ዘጠኝ። ያ የሚያምረው ሥዕሌ ልጅቷን ደረቷን አስከፍቶ፣ ልቧን አስነክቶ፣ እንደነበረች ይመልሳት ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚተርፋት አቅምም አልነበረም። አካ የውኃ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፉት። «አሁን ከእጥፋቱ ወዲያ አድርገው» አሉ። ከእጥፋቱ ወዲያ አድርጌ ሳሰላ ሃምሳ አራት መጣ። እኔ እፎይ ስል እሳቸው እጥፋቱን ትንሽ አስፍተህ፣ ትንሽ አጥብበህ ድገመው አሉኝ። ሁለቱንም ደገምኩ። ከዚያ ፈረሙ።

ረቡዕ ቀዶ ሕክምናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ዶክተር ጉሩናታን የራስ ቆቡን ሳያወልቅ ወደ እኛ መጣ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተጠራበት ቢሮ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እጥፋቱ አለ» አለን። «ከትልቁ ሥር ጀርባ ተደብቆ፣ ጠባሳው ሸፍኖት። ባትነግሩኝ እዚያ ድረስ አልቆፍርም ነበር።»

«ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» አሉ አካ።

«አካ፣ እጄ ደረቷ ውስጥ ነበር። ማስመሪያ አልያዝኩም።»

«በሚቀጥለው ይዘው ይግቡ» አሉት፤ ከምራቸው ነበር።

እኛ ጣፋጭ አስመጥተን ተከፋፈልን። አካ አልቀመሱም። የተበላሸ ሳንባ የሚያገግመው በወራት ነው፤ ማገገሙን ገና ማንም አላየም አሉ። እጥፋቱን ስለ ማለስለሴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይልቅ አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር «መረቡን የማጥበቁን ነገር ኢንያን ያሳይህ፣ እሱ ነው የሚያውቀው» ይላሉ። ያን ሰምቼ ወጥቼ ፊቴን የታጠብኩበት ቀን አለ።

በሰባተኛው ወር፣ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ በቆመበት ቀን፣ ኤካምባራም ላቡን እየጠረገ በራችን ላይ ቆመ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከጎኑ አንዲት ልጅ አለች። መጀመሪያ ሌላ ልጅ መስላኝ ነበር፤ ጥፍሯን ሳይ ነው ያወቅኋት። ዛሬ መለኪያው ዘጠና ሦስት አሳየ አለን አባትየው። አካ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ማን አዝሎሽ መጣ?» አልኳት።

«በእግሬ ነው። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ሰባ ስድስት ነው» አሉ አካ።

«ሰባ ሁለት ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ወጥቼበታለሁ። መግቢያው ላይ ያሉትን አራቱን ቆጥረሻቸዋል?»

«እነሱ ደረጃ አይደሉም፤ መግቢያ ናቸው።»

አካን በልኬት የተከራከረ ሰው ከዚያ በፊት አላየንም።

«ወርደን እንቁጠራቸዋ» አለች ልጅቷ።

የአካ ጉልበት ደህና አይደለም፤ ሊፍት በቆመ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ሲያማርሩ ነው የሚውሉት። አባትየው ሊከለክል አንድ እርምጃ ቀረበና ተወው። አካ የልጅቷን እጅ ያዙና ወረዱ። እነሆ ዘጠኝ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ስንት ጊዜ ዓይኔን አጉረጥርጬባቸዋለሁ፣ ስንት ቀን በነገር ሰልችተውኛል፤ ያን ጊዜ ግን ከኋላ ሆኜ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ሲወርዱ ሳያቸው አንጀቴን በሉት። እወዳቸዋለሁ። ይህን በፊታቸው ብናገር ማስረጃ ይጠይቁኛል።

ኤካምባራምና እኔ ከላይ መደገፊያውን ይዘን ቆምን። ከታች፣ ወደ ላይ እየወጡ፣ መቁጠር ተጀመረ። ሁለት ድምፅ ነበር፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ሻካራ። አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። አባትየው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይቆጥራል። አርባ ሦስት ላይ ድምፁ ተቋረጠ።

የአባትየው ጣቶች መደገፊያው ላይ ሲነጡ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች ተመለከትኩ። ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርሱ አካ ጉልበታቸውን ይዘው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንፋሻቸው እኛ ድረስ ይሰማል። ኢላኪያ ከበላያቸው ሁለት ደረጃ ቀድማ ቆማለች። ከንፈሯ ቀይ ነው።

«ይረፉ አክስቴ» አለቻቸው። «ቁጥሩን እኔ ይዤልዎታለሁ።»